የልጅ ልጄ አተነፋፈስ

ልጄን ላርስ ሜሪላንድ የሄድኩት ቀኗ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። «ምን ያስቸኩልሻል?» ያሉኝ ነበሩ። የገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን ከሻንጣ በወጉ ሳላወጣ፣ በ34ኛው ሳምንት ወለደች።

ሕፃኑን በመስታወቱ ውስጥ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ሲተነፍስ ጎኑ እየሰረጎደ ይገባል። ያንን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እናታችን ቀኑ ሳይደርስ የወለደችው ወንድሜ እንደዚያ ሲተነፍስ አድሮ በማግስቱ ተቀበረ። ስም እንኳ አልወጣለትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ የምሥራች አልደወልኩም፤ እልልታዬንም ዋጥኩት።

አንድ በዕድሜ የገፉ ነርስ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ አማቼ እያስተረጎመ አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ፤ 2.1 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በዚሁ የሳንባ ሕመም በ39 ሰዓቱ ሞተ። የአገር መሪ ልጅ! ሐኪም አልጠፋ፣ ገንዘብ አልጠፋ፤ መድኃኒቱ ግን ገና አልነበረም። ሰርፋክታንት የሚሉት ሳንባን የሚከፍት ፈሳሽ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1990 ነው። ለኛው ልጅ በቀጭን ቱቦ ጨመሩለት። በማግስቱ ጎኑ መሰርጎዱን ቀነሰ።

ከዚያ በኋላ አማቼን በጥያቄ አሰለቸሁት። በ1900 የአሜሪካውያን አማካይ ዕድሜ 47 ዓመት ገደማ ነበር ሲለኝ፣ «ያኔ ሽማግሌ አልነበረም እንዴ?» አልኩት። ለካ ነበር። ቁጥሩን ወደ ታች የጎተቱት በብዛት ሕፃናቱ ናቸው። በ1915 ልደት በሚመዘገብባቸው ግዛቶች ከ1,000 ሕፃናት 100 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ የደረሰላቸውም እንደኔ ያፈጠጥኩበት ዓይነት ማሽን አይደለም፤ ንጹሕ ውኃና በሙቀት የታከመ ወተት ነው። ጀርሲ ሲቲ የከተማውን ውኃ በክሎሪን ማከም የጀመረችው በ1908 ነው።

ዛሬ ከ1,000 የሚሞቱት ስድስት አይሞሉም፤ አማካይ ዕድሜም በ2023 ከ78 ዓመት አልፏል። የጥቁር እናቶች ልጆች ግን አሁንም ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ይሞታሉ። ይህን ሲነግረኝ አማቼ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ልጁ በ19ኛው ቀን ቤት ገባ። ገንፎውን አገነፋሁና እህቴ ጋ ደወልኩ። ማንን እንደሚመስል ትጠይቀኛለች ስል፣ «አተነፋፈሱስ?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠጋሁላት።