ምናለሽ ተራ የማይገዛው

“ቆራሌው!” የሚለው ድምፅ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ሲገባ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከእኔ ቀድማ በረንዳ ላይ ትደርሳለች። የዚያን ዕለት እጀታው የተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት፣ ሁለት የዘይት ጀሪካንና አንድ ፌስታል ሙሉ ሃይላንድ ነበረን። ቆራሌው እያገላበጠ አየ፣ ዋጋ ጠራ፣ ተከራከርን፣ ተስማማን። ልጄ ግን ከብሩ ይልቅ ሌላ ነገር አሳስቧት “የት ነው የምትወስደው?” አለችው።

“ምናለሽ ተራ ነዋ፣ የኔ እናት” ብሏት ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወጣ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እኛም ሄድን። መርካቶ ታክሲ ከጣለን በኋላ መንገድ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ የመዶሻው ድምፅ ይጠራል። ምናለሽ ተራ ከመታየቱ በፊት የሚሰማ ሰፈር ነው። የዘይት በርሜል በመሮ ይሰነጠቃል፣ ተቀጥቅጦ ይዘረጋል፣ ከዚያ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የተጣመመ ፌሮ ይቃናል። የወተት ዱቄት ጣሳ ኩራዝ፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። ጀሪካኖቹ ታጥበው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ክዳኖቻቸው ለብቻ ተከምረው ይሸጣሉ። ልጄ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ግን ፍጥጥ አድርጋ ታያለች።

ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ባለሙያ መዶሻቸውን አስቀምጠው “የአንቺ ድስት ቀልጦ ሌላ ድስት ይሆናል፤ እኛ ጋ የሚጣል የለም” አሏት። ለቡና የሚሆን ትንሽ ምድጃ ገዛኋቸው። “እህቴ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው” እያሉ ከጠሩት ዋጋ ቀነሱልኝ። እንዲያም ሆኖ ሳልወደድ አልቀረሁም።

(ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጫማው የተሸፈነ ይሁን። መሬቱ የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ስልክም ከእጅ ይልቅ ከውስጥ ኪስ ቢሆን ይሻላል።)

ስንመለስ በዘነበወርቅ በኩል ባለው የቀለበት መንገድ አለፍን። ልጄ በመስኮት የምታየው ኮረብታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆሼ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ከ100 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚነግሩ ሳስብ እሷ ቀደመችኝ፦

“ምናለሽ ተራ ሁሉንም ከገዛ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?”

መልሱን የማውቅ መስሎኝ “ቆሻሻ” አልኳት። እቤት ስንገባ ግን የወጥ ቤታችንን ቅርጫት ከፈትን። ብረት የለበትም፣ ጀሪካን የለበትም። የሻገተ እንጀራ፣ የድንች ልጣጭ፣ የተረፈ ወጥና የቡና አተላ ነው። የአዲስ አበባ ቤቶች ከሚጥሉት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለው እርጥብ ነገር ነው። ቆራሌው የማይጠራው፣ ምናለሽ ተራ የማይገዛው። ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ጋዝ ያመነጫል፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ የተመረቀው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም ቢሆን እርጥብ ነገር በደንብ አይነድለትም። እናቴ ቤት እንዲህ ያለው ትርፍ ለዶሮና ለበግ ይሄድ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ የለም።

ለአንድ ሳምንት የምግብ ትርፉን በተለየ ባልዲ አጠራቀምን። ጥፋተኛው እንጀራ ሆኖ ተገኘ፣ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ። እንጀራ አሥር አሥር እገዛለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይሻግታሉ። አሁን በአምስት በአምስት ነው የምገዛው። የደረቀውን ሳይሻግት ቆራርሰን ሰፌድ ላይ እንዘረጋና ስስ ጨርቅ አልብሰን በረንዳ ላይ ድርቆሽ እናደርገዋለን። ሲሰበር ቀጭ ካላለ ገና ነው፤ ከተጣጠፈ ወደ ፀሐይ ይመለስ። የሻገተ ግን ለድርቆሽም አይሆንም፣ መጣል ነው። ድርቆሽን ድሮ መንገደኛ ለስንቅ ይይዘው ነበር፤ በእኛ ቤት የቋንጣ ፍርፍር ሆኖ ያልቃል።

ሌላው ማክሰኞ ማታ ነው። እኛ ረቡዕና ዓርብን ስለምንጾም ማክሰኞ የተረፈ የሥጋ ወጥ እስከ ሐሙስ ፍሪጅ ይጠብቃል፤ ሐሙስ ደግሞ አዲስ ወጥ ሠርቼ አሮጌውን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ማክሰኞ ትንሽ ድስት ነው የሚጣደው፤ ሐሙስ የሚሠራው የማክሰኞው ካለቀ ብቻ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ “እንግዳ ቢመጣስ?” እያለ አኩርፎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ እኔንም ያሳፍረኛል። ትሪው ሞልቶ ካልተረፈ ያላበላን ይመስለናል። ለእንግዳ አሁንም አብዝቼ እሠራለሁ፤ የተረፈውን ግን በዕቃ አድርጌ ለራሱ ለእንግዳው አስይዘዋለሁ። እስካሁን አልወስድም ያለ የለም።

ቡናን በተመለከተ አያቶቻችን አስቀድመው ጨርሰውታል። አንዱን ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ አድርጎ ከማጣጣት በላይ ምን አለ? አተላውን ልጄ በረንዳ ላይ ካለው የጤና አዳም ማሰሮ አፈር ጋር ትቀላቅለዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው ሲጠራ ልጄ ጥቂት ሃይላንድና አንድ ላስቲክ ድርቆሽ ይዛ ወረደች። ድርቆሹን ይገዛት እንደሆነ ጠየቀችው። ሳቀና “ይኼንንማ ምናለሽ ተራ አያየውም” ብሎ ከሸሚዙ ውስጥ ከተተው። የሃይላንዱን ዋጋ ግን ያው እንደወትሮው ተከራከረን።