ትንሹን ነገር ስለ መጠበቅ

የሰው ልጅ ብልሃት የሚያስደንቅ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. አላን ካርፖንቲዬ የተባሉ የልብ ሐኪም በፓሪስ ከተማ በሮቦት እየተረዱ ቫልቭ የሚባለውን የልብ በር ጠገኑ። የቀድሞው ልማድ የደረትን አጥንት ሰንጥቆ መክፈት ነበረ፤ በሮቦት ግን ቀጫጭን የብረት ክንዶች በጎድን አጥንቶች መካከል በትናንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ሐኪሙ ከበሽተኛው ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ፥ የልቡን ውስጥ አጕልቶ እያየ፥ ክንዶቹን በጣቶቹ ያዛቸዋል። የልብ ምት መዛባትም በዚሁ መሣሪያ ይታከማል። ነገር ግን ሐኪሙ እጁን ካላንቀሳቀሰ ብረቱ አይንቀሳቀስም፤ ያ ሁሉ ድንቅ ሥራም በትዕግሥት ከተሰፉ ትናንሽ ስፌቶች የተሠራ ነው።

በአገራችን የብዙ ልጆችን የልብ በር የሚያበላሸው ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣ በሽታ ነው። የጉሮሮው ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር አንዳንዱን ልጅ ትኩሳት ይይዘዋል፥ መገጣጠሚያውም ያብጣል፤ ይህ ሲመላለስ የልቡ በር ይጠባል ወይም አልገጥም ይላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ለእነዚህ ሕፃናት መርጃ የሚሆን ድርጅት አቋቋሙ፤ ብዙዎቹም ለቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። በዚሁ አቈጣጠር በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ተራ የሚጠብቁት ግን በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው።

በሰንዳፋ ሳስተምር ይህ በሽታ ተገኝቶባት በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ የታዘዘች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። መርፌው እጅግ ያማል። ጓደኞቿ «ደኅና ሆነሽ ሳለሽ ስለ ምን ትወጊያለሽ?» እያሉ ይዘብቱባት ነበር። እርስዋ ግን በክረምት ጭቃም ቢሆን ቀጠሮዋን አላጐደለችም። እኔም አንድ ቀን «አይሰለችሽም ወይ?» ብዬ ብጠይቃት፥

«ጋሼ፥ ወንድሜ የቀዶ ሕክምና ተራ ሲጠብቅ ነው የሞተው፤ እኔ እዚያ ተራ ውስጥ መግባት አልፈልግም» አለችኝ።

ዛሬ የራስዋን ልጆች ታሳድጋለች፤ ቀዶ ሕክምናም አላስፈለጋትም።

ወጣቶች ሆይ፥ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ትልቁን መሣሪያ አድንቁ፤ ከእናንተም መካከል የሚሠራበት ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ታናሽ ወንድማችሁን ጉሮሮውን ሲያመው «ብርድ ነው፥ ይተወዋል» ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መርፌ የታዘዘለት ጓደኛ ያላችሁ እንደ ሆነም አትዘብቱበት፤ ቀኑን አስታውሱት፥ አብራችሁትም ሂዱ።