ስለ አንድ ራትና ስለ ሒሳቡ

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ያነበብሁትን ወይም ከሌላ ሰው የሰማሁትን አይደለም፤ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ጥፋተኛው እኔ ስለ ሆንሁ ነገሩን መናገር አያስደስተኝም። ነገር ግን የቁጥር ትምህርት ያለበት ታሪክ ስለ ሆነ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብትሰሙኝ መልካም ነው።

የምኖረው በአሜሪካ አገር፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ እጅግ ብዙ የአገራችን ሰዎች ይኖራሉ፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፥ አንዱ በሆስፒታል ያገለግላል፥ አንዱ ሱቅ ይጠብቃል። እኔም በዚያ አራት ወዳጆች አሉኝ። ሦስቱ እንደ እኔ ደኅና ደመወዝ ያላቸው ናቸው። አራተኛው ግን ያን ጊዜ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ሥራውም መኪና በሚቆምበት ስፍራ ሆኖ ለባለ መኪናዎች ቲኬት መስጠትና መኪናቸውን ማምጣት ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። አባቱ በአገራቸው የታወቁ ብልት አዋቂ ነበሩ፤ ብልት አዋቂ ማለት የታረደውን በሬ እያንዳንዱን ክፍል በየስሙ ለይቶ የሚያወጣ ሰው ነው።

በጥር ወር ደመወዜ ከፍ ስላለልኝ ደስ ብሎኝ ለወዳጆቼ፦ «ቅዳሜ ማታ ስቴክ ቤት እንሂድ» አልኋቸው። «ልጋብዛችሁ» አላልሁም፤ «እንሂድ» አልሁ እንጂ። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ኪሴ አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ስቴክ የሚባለው ከበሬ ሥጋ ወፍራም ሆኖ ተቆርጦ በብርቱ እሳት የሚጠበስ ነው። ይህን እየሠሩ የሚኖሩ ታላላቅ ምግብ ቤቶች በአሜሪካ ከተሞች አሉ፤ እኛ የገባንበትም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ግድግዳው በጥቁር እንጨት ተለብጧል፤ በየጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ መብራቱም ደብዛዛ ስለ ሆነ የዋጋውን ዝርዝር ለማንበብ ዓይንን ማጥበብ ያስፈልጋል። ይህን ሆን ብለው ያደረጉት ይመስለኛል።

አሳላፊው መጥቶ ስለ ሥጋው ያስረዳን ጀመር። ነገሩ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። በእኛ አገር ቁርጥ የሚወድ ሰው በሬው በታረደበት ቀን ሊበላው ይፈልጋል። በእነዚህ ቤቶች ግን ሥጋውን በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ21 እስከ 28 ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያቆዩታል። የክፍሉ ቅዝቃዜ ውሃ በረዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እንዳለው ያለ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥጋው እየላላ ይለሰልሳል፤ እርጥበቱም እየተነነ ስለሚሄድ ጣዕሙ ይጠነክራል። ነገር ግን ክብደቱ ይቀንሳል፤ የደረቀው ውጭውም ተገፍፎ ይጣላል፤ ስለዚህ ዋጋው ይወደዳል። ደግሞም የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ለጠየቁት ነጋዴዎች የበሬ ሥጋን መርምሮ በማዕረግ ይለያል። በቀዩ ሥጋ መካከል ስቡ እንደ ቀጭን ሥር የተሰራጨበት ሥጋ ፕራይም የሚባለውን የመጀመሪያውን ማዕረግ ያገኛል።

ከዚህም በኋላ አሳላፊው ጥሬውን ሥጋ በሰፊ ሳህን አድርጎ አሳየንና የየብልቱን ስም በእንግሊዝኛ ጠራልን። እኔ ምንም አላወቅሁም፤ እንደሚያውቅ ሰው ግን ራሴን ነቀነቅሁ። ዝምተኛው ወዳጃችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህ ጭቅና ነው፤ ያኛው ሽንጥ ነው፤ ትልቁ ከጎድን ላይ የወጣው ነው» አለኝ።

ምን ያህል እንዲበስልልን እንደምንፈልግም ተጠየቅን። ለብለብ ብቻ ያለውን የሚወድ አለ፤ መካከለኛውን የሚወድ አለ፤ ፈጽሞ የበሰለውን የሚወድም አለ። እኔ ትልቁን፥ ከጎድን ላይ የወጣውን፥ ለብለብ ተደርጎ እንዲመጣልኝ አዘዝሁ፤ ከእርሱ በፊት የባሕር ዓሣ፥ ከእርሱም ጋር ድንችና የወይን ጠጅ ጨመርሁ። ሦስቱም ሥጋ አዘዙ። የዝምተኛው ተራ ሲደርስ «ሆዴን ጥቂት ስላመመኝ ሾርባ ይበቃኛል» አለ። የሾርባው ዋጋ 14 ዶላር ነበር፤ በዝርዝሩም ላይ ከእርሱ የሚያንስ ዋጋ አልነበረም። እኛም «እግዜር ይማርህ» ብለን ወደ ጨዋታችን ተመለስን።

በአገራችን አምስት ሰዎች ሲበሉ በአንድ ገበታ ዙሪያ ነው። የአንዱ እጅ ቢዘገይ የሌሎቹ ዓይን ያየዋል፤ «ብላ እንጂ» ይባላል፤ እምቢ ቢልም ጉርሻ ይደርሰዋል። በዚያ ቤት ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን፥ የራሱ ቢላዋ፥ የራሱ ሹካ አለው። እኔም ሥጋዬን ስቆርጥ የማየው ሥጋዬን ብቻ ነበር። ወዳጃችን ሾርባውን በዝግታ ጠጣ፤ ያለ ዋጋ ከሚቀርበው ዳቦም ደጋግሞ አነሣ። ሆዱን የታመመ ሰው ያን ያህል ዳቦ እንደማይበላ ያሰብሁት በማግሥቱ ነው። ሥጋው እጅግ ጣፋጭ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሒሳቡ መጣ። የምግቡና የመጠጡ ዋጋ 400 ዶላር ነበር። በዚያች ከተማ በምግብ ቤት ለሚበላ ምግብ ከመቶ 10 ግብር ይከፈላል፤ ይህ 40 ዶላር ሆነ። ለአሳላፊውም ከመቶ 20 ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ይህም 80 ዶላር ሆነ። (በዚያች ማታ ከአምስታችን ጉርሻ የደረሰው ለአሳላፊው ብቻ ነው።) ጠቅላላው 520 ዶላር ነበር። እኔም ፈጥኜ «ለአምስት እኩል እንካፈለው፤ ለእያንዳንዳችን 104 ዶላር ይደርሰናል፤ በወዳጆች መካከል ሳንቲም መቁጠር አያምርም» አልሁ። ሦስቱ ተስማሙ። ስለዚህ ሁሉንም በባንክ ካርዴ ከፍዬ የየድርሻቸውን በጥሬ ገንዘብ ተቀበልሁ።

ዝምተኛው ወዳጃችን ከደረት ኪሱ ፖስታ አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። ገንዘቡ አብዛኛው ባለ አንድና ባለ አምስት ዶላር ነበር፤ ባለ መኪናዎች በየቀኑ የሚሰጡት ነውና። ቆጥሮ እስኪጨርስ ብዙ ጊዜ ስለ ወሰደ ከመካከላችን አንዱ «ሙዳየ ምጽዋት ሰብረህ መጣህ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እርሱ ፈገግ አለና 104ቱን ዶላር አስተካክሎ ሰጠኝ። ስንወጣም «በመኪናዬ ላድርስህ» አልሁት፤ እርሱ ግን «ጥቂት በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ» አለኝና በብርዱ ሄደ።

በማግሥቱ እሑድ ጧት ኪሴን ስፈትሽ ያ የባለ አንድ ዶላር ክምርና የምግብ ቤቱ ደረሰኝ አብረው ወጡ። ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። እኔ ያዘዝሁት 140 ዶላር ነበር፤ ሦስቱ ያዘዙት ለእያንዳንዳቸው 82 ዶላር ነበር። በመጨረሻም «ሾርባ፥ 14 ዶላር» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። እርሳስ አንሥቼ አሰላሁ፤ እናንተም ከእኔ ጋር አስሉ።

በዋጋው ላይ ግብሩንና ጉርሻውን፥ ማለት ከመቶ 30 ብንጨምርበት፥ ሾርባው 18 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። እርሱ ግን 104 ዶላር ከፈለ፤ ስለዚህ 85 ዶላር ከ80 ሳንቲም አብልጦ ከፍሏል። እኔ 182 ዶላር መክፈል ሲገባኝ 104 ከፈልሁ፤ 78 ዶላር አጎደልሁ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 106 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሲገባቸው 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም አጎደሉ፤ የሦስቱ ጉድለት 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። 78 ዶላርና 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሲደመር 85 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። አንዲት ሳንቲም እንኳ አልተረፈችም፤ አራታችን ያጎደልነው ሁሉ ከእርሱ ፖስታ ተሞልቶ ነበር። ከዚያም ውስጥ የሦስቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ በእኔ ሆድ ገብቷል።

ያን ጊዜ ቅርጫ ትዝ አለኝ። በቅርጫ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ካረዱም በኋላ ከእያንዳንዱ ብልት፥ ከጉበቱም ከጨጓራውም ከአጥንቱም፥ ለየመደቡ እኩል እኩል ያደርሳሉ፤ በመጨረሻም ዕጣ ይጥላሉ። ሁሉም እኩል ስለሚወስድ ሁሉም እኩል ይከፍላል። እኔ ግን ከቅርጫ አከፋፈሉን ትቼ ክፍያውን ብቻ ወስጄ ነበር።

ከቀትር በኋላ 85 ዶላር ከ80 ሳንቲም በፖስታ አድርጌ ወዳጄ ወደሚሠራበት ቦታ ሄድሁ። በጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር «ተወው፥ አይገባም» ይለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ገንዘቤንም ንጹሕ ኅሊናዬንም ይዤ እመለስ ነበር። እርሱ ግን ፖስታውን ከፈተ፤ ቀስ ብሎ ቆጠረው፤ በደረት ኪሱም አገባው። «ነገ ለእናቴ የምልከው ነበር፤ እልክላታለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ትናንት ስለ ምን አልተናገርህም? ሾርባ ብቻ ነው የጠጣሁት ብትል ማን ይከለክልህ ነበር?» አልሁት።

«ገንዘቡን እየቆጠርሁ ልናገር ነበር፤ ቀና ስል ስትስቅ አየሁህ» አለኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በዚህ መካከል አንድ መኪና መጣና እርሱ ሊቀበለው ወጣ፤ እኔ በመስታወቱ ቤት ደጅ ቆሜ ቀረሁ። በተመለሰ ጊዜ «ይቅር በለኝ» አልሁት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለኝና ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳ። የሚጠጣበት ክዳን አንድ ብቻ ስለ ነበረ በተራ ጠጣን።

ለሦስቱም ደረሰኙን አሳየኋቸው። ያ ቀልደኛው ብዙ ጊዜ ትኩር ብሎ አየውና ምንም ሳይናገር መለሰልኝ።

ለፋሲካ ከሌሎች የአገራችን ሰዎች ጋር 12 ሆነን በቨርጂኒያ ገጠር ካለ እርሻ በሬ ገዛን፤ ለማረድ በተፈቀደው ስፍራም አሳረድነው። ብልቱን ማን ያውጣ በተባለ ጊዜ ዝምተኛው ወዳጃችን እጅጌውን ሰብስቦ ቢላዋውን ያዘ። በአሜሪካ የተወለዱ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር መጥተው ነበርና እርሱ «ሻኛ፥ ፍሪምባ፥ ሽንጥ፥ ጭቅና» እያለ ሲያወጣ ልጆቹ ተቀብለው ይጮኹ ነበር። በዚያ ቀን የተናገረውን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሥጋውንም በነጭ ሸራ ላይ 12 መደብ አድርጎ አኖረው፤ ዙሪያውን እየዞረ ተመለከተ፤ ከአንዱ ጣት የምታህል ጉበት አንሥቶ በሌላው ላይ ጨመረ፤ እንደ ገናም ዞረ።

ለዕጣው ሁሉም ምልክቱን ሰጠ። እኔ የቤቴን ቁልፍ፥ እርሱም የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ቁራጭ ሰጠን። ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ የምታኖር ማን ምን እንደ ሰጠ ያላየች ትንሽ ልጅ ተጠራች። እኔም በዚህ ጊዜ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «የትኛው መደብ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይህን ካወቅሁ አከፋፈሌ ተበላሽቷል» ብሎ ሳቀ። ልጅቱም ቁልፌን አንሥታ ጥቂት አመነታችና በሦስተኛው መደብ ላይ አኖረችው።