እርጅና ብቻህን ና

ሸማ ተራ ውስጥ ዕድሜ ሳይነሳ የሚያልቅ ሽያጭ የለም። ጋቢ ገዝተህ መልስህን ስትቀበል «ዕድሜ ይስጥህ» ትባላለህ። ለእናትህ መሆኑን ካወቁ «በጤና ትልበሰው» ይጨመርልሃል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ለራሳቸው የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ ጉልበታቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ሲነሱ «እርጅና ብቻህን ና!» ይላሉ። መምጣትህ አይቀርም፣ ና፤ ግን ስኳሩን፣ ደም ብዛቱን፣ የዓይን ሞራውን አስከትለህ አትምጣ ማለታቸው ነው።

የዓለም ባለሀብቶችና ሳይንቲስቶች አሁን የሚያሳድዱት ይህንኑ ነው። ዕድሜ ብቻ ቢረዝም ዋጋ እንደሌለው ስለገባቸው፣ ሰው በጤና የሚኖርባቸውን ዓመታት ለይተው መቁጠር ጀምረዋል። የእኛ ሰው እንኳ ሲመርቅ ድሮም «ዕድሜና ጤና» ብሎ አጣምሮ ነው የሚመርቀው።

አክስቴ በዚህ ተራ ጋቢና ነጠላ ስትሸጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። አሁን 67 ዓመቷ ነው፤ ከስኳር ጋር ደግሞ 14 ዓመት ኖራለች። ባለፈው ጥቅምት አሜሪካ ያለችው ልጇ በመንገደኛ ትንሽ ፖስታ ላከችላት። ውስጡ ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ታቻቸው ላይ ነጭ ዱቄት ያለባቸው አራት ብልቃጦች ነበሩ። ሁለቱ ላይ «ኤፒታሎን»፣ ሁለቱ ላይ «ሲጄሲ-1295» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አብሮ የደረሰው የድምፅ መልእክት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ ይሄ ሴልሽን ያድስልሻል። እዚህ ሰው ሁሉ እየተወጋው ነው። በናትሽ ጀምሪው፣ ገና ብዙ ዓመት እፈልግሻለሁ።»

አክስቴ ብልቃጦቹን በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠቻቸው። «አንተ ፋርማሲ ተምረህ የለ? ልወጋው ወይስ ልተወው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ሁለት ሰው ይነካል። ባሕር ማዶ ሆና ከደመወዟ ቆጥባ «እናቴን አቆይልኝ» ያለች ልጅ አለች፤ ልጇ የላከችላትን መጣል የከበዳት እናትም አለች።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ተቀጣጥለው የሚሠሩት አጭር ክር ነው። ክሩ ሲረዝምና ሲተጣጠፍ ፕሮቲን እንለዋለን። ሰውነታችን ብዙዎቹን አጫጭር ክሮች መልእክተኛ ያደርጋቸዋል፤ «ስኳሩን ወደ ሴል አስገባ»፣ «ጠግበሃል፣ በቃህ»፣ «እደግ» የሚሉ ትእዛዞችን ያደርሱለታል። የፔፕታይድ ሕክምና የሚባለው እንግዲህ እነዚህን መልእክተኞች ወይም አምሳያቸውን ከውጭ መስጠት ነው።

በዚህ አነጋገር ከሄድን አክስቴ የፔፕታይድ ሕክምና ከጀመረች ቆይታለች። ፍሪጇ በር ላይ ያለው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ተገኘ፤ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተወጋው። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ጨርሶ የማይመረትለት ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። ዕድሜን በእርግጥ ያስረዘመ ፔፕታይድ አምጡ ከተባለ፣ እኔ ከዚህ በፊት የማስቀድመው የለኝም።

የፖስታውስ? ለአክስቴ በሸማ ነው የነገርኳት። የነጠላ ዘርፍ ጫፉ የሚቋጠረው እንዳይተረተር ነው። ክሮሞሶሞቻችንም ጫፋቸው ላይ እንደዚያ ያለ መከላከያ አላቸው፤ ቴሎሜር ይባላል። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ቴሎሜሩ እያጠረ ይሄዳል፤ በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፋፈሉን ያቆማል። ቴሎሜራዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ መልሶ ሊያስረዝመው ይችላል። ኤሊዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

ኤፒታሎን አራት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ክር ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የቭላዲሚር ካቪንሰን የምርምር ቡድን በላብራቶሪ ባደጉ የሰው ሴሎች ላይ ሞክሮት፣ ቴሎሜራዝን እንደቀሰቀሰ ጽፏል። ሳህን ላይ ያለ ሴል ግን ሸማ ተራ ቁጭ ብላ የምትነግድ ሴት አይደለም። ኤፒታሎን የሰውን ዕድሜ እንደሚያስረዝም በትልቅና ገለልተኛ ሙከራ አልተረጋገጠም። ሌላም ነገር አለ፤ አብዛኞቹ ካንሰሮች ሳይሞቱ የሚባዙት ቴሎሜራዝን ቀስቅሰው ነው። ቋጠሮውን የሚያጠብቅ እጅ ለማን እንደሚያጠብቅ ማወቅ አለብን።

ሲጄሲ-1295 ይብሳል። ሥራው አንጎል ሥር ያለው ዕጢ የእድገት ሆርሞን እንዲያመነጭ መገፋፋት ነው። የእድገት ሆርሞን ደግሞ የኢንሱሊንን ሥራ ያደክማል፤ ስኳር ከፍ ይላል። ስኳር ላለባት ሴት ይህን መውጋት በአንድ እጅ ማጥፋት፣ በሌላው ማቀጣጠል ነው። የሚገርመው፣ በላብራቶሪ ከእኩዮቻቸው በጣም ረዝመው የሚኖሩት የእድገት ሆርሞን የጎደላቸው አይጦች ናቸው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱንም ስማቸውን ጠቅሶ፣ በፋርማሲ ተቀምመው ቢሰጡ ለደኅንነት ሊያሰጉ ይችላሉ ካላቸው ጋር መድቧቸው ነበር። ብልቃጡ ላይም በደቃቅ ጽሑፍ «ለምርምር ብቻ» ይላል። ሻጩ ራሱ ሰው እንዲወጋው እንዳልፈቀደ በጽሑፍ እየነገረን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተደረገ የረጅም ዕድሜ ጉባኤ ላይ ፔፕታይድ የተወጉ ሁለት ሴቶች በጠና ታመው በመሣሪያ እስከ መተንፈስ ደርሰዋል። እዚያ ወጊም ሆስፒታልም ቅርብ ነበር። እዚህ አክስቴ ብቻዋን ናት። መርፌው ደግሞ ቤቷ አለ፤ የኢንሱሊን መርፌ። በዩኒት የተሰመረውን መርፌ በሚሊግራም ለተመዘነ ዱቄት ልትጠቀምበት ነው፣ ዱቄቱን በምን ውኃ እንደምትበጠብጠው እንኳ ሳታውቅ።

ይህን ሁሉ ሰምታ አክስቴ «ታዲያ ምንድነው ያስረጀን?» አለች። ከቀልድ አልቆጠርኩትም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል አስታውሳለሁ። የእሷ ሱቅ ተረፈ። ዕቁብ አብረዋት የሚጥሉ ሰዎች ሱቅ ግን ከነሸቀጡ አመድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የጠዋት ስኳሯ ከ200 አልወርድ አለ፤ ምግቧም መድኃኒቷም ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኤሊሳ ኤፐልና ብላክበርን በ58 እናቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ትዝ ይለኛል፤ ብዙዎቹ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ የሚያስታምሙ ነበሩ። ጭንቀታችን ከባድ ነው ያሉት እናቶች ቴሎሜር፣ ጭንቀታችን ቀላል ነው ካሉት ያጠረ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ ቢያንስ የ10 ዓመት እርጅና ያህል ነው። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ለአክስቴ ግን ከብልቃጡ የቀረበ ነገር ነግሯታል፦ እንቅልፍ የነሳት ነገር ሰውነቷ ውስጥም ይቆጠራል።

ማታውን ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። መጀመሪያ ተከራከረችኝ፤ ያየቻቸውን ቪዲዮዎች ጠቀሰች፣ የከፈለችውን ነገረችኝ። እኔም ስለ ስኳሩ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰብሮ «እና እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ላድርግላት? ብር እልካለሁ፣ ለሰው ትሰጠዋለች። ና ብላት አትመጣም። ጊዜ ልልክላት ፈልጌ እኮ ነው» አለችኝ።

ሰው ናፍቆት ሲያስጨንቀው ብልቃጥ ውስጥ ያለ ተስፋ እንዴት እንደሚገዛ ያን ጊዜ ገባኝ። ሻጮቹም ያውቁታል መሰለኝ። ስለዚህ «አትላኪ» ብዬ መዝጋት አልሆነልኝም። ለእናቷ በእርግጥ ጊዜ የሚገዛውን ቁጭ ብለን ጻፍን። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፤ እዚህ ወይ ይጠፋል ወይ ይወደዳል፣ አክስቴም ለመቆጠብ ብላ በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር የምትለካው። በዓመት አንድ ጊዜ የዓይንና የኩላሊት ምርመራ። እግር የማያቆስል ሰፊ ጫማ። የደም ግፊት መለኪያ። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን የሚያቆይ ትንሽ ማቀዝቀዣ ቦርሳ። የወጣችው ዝርዝር አታምርም፤ ማንም ቪዲዮ አይሠራባትም። ግን እያንዳንዱ እርጅና አስከትሏቸው ከሚመጣው ጓዞች አንዱን በር ላይ የሚያስቀር ነው።

ብልቃጦቹን ለአክስቴ አልመለስኩላትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ «ልጄ እንዳትከፋ አድርገህ ንገራት» ብቻ ነው ያለችኝ።

ገና ሰሞን ሌላ መንገደኛ መጣ፤ ሁለት ካርቶን ስትሪፕ ይዞ። ሱቅ ወስጄ ሰጠኋት።

«ስንት ፍሬ ነው?»

«መቶ።»

በጣቷ አስልታ «በቀን አንድ ከሆነ ፋሲካን ያሻግረኛል» አለችና፣ ደጅ ቆማ ጋቢ ወደምትዳስስ ደንበኛ ዞረች።