ግድግዳ ላይ የነበረው ሥዕል

በወጣትነቴ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ሕንዳዊ መምህር ቢሮ ይጋሩኝ ነበር። ከጠረጴዛቸው በላይ ከካላንደር የተቆረጠ ሥዕል ለጥፈዋል፤ ገላው ሰማያዊ የሆነ ጎረምሳ ያኮረፈች ቆንጆ እግር ሥር ወድቆ ይለማመጣል። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ «ጌታዬ፣ እኛ አገር እንዲህ ያለው የሚሰቀለው ጠጅ ቤት ነው» አልኳቸው። ባልደረቦቼ ሳቁ። እሳቸው ግን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «እኔ ጠዋት ጠዋት የምጸልየው ወደ እሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ፣ ስለ ሥዕሎቹ ማንበብ ስጀምር ነው። ጎረምሳው ክሪሽና፣ ሴቲቱ ራዳ ናት። ጃያዴቫ የተባለ ባለቅኔ በ12ኛው ክፍለ ዘመን «ጊታ ጎቪንዳ» በሚባለው የሳንስክሪት ግጥሙ ታሪካቸውን ጽፎታል። ክሪሽና ከሌሎች እረኛ ሴቶች ጋር ይጨፍራል፤ ራዳ ትቆስላለች፤ በመጨረሻ እሱ ይቅርታ ሊለምን ይመጣል። በሂማላያ ግርጌ የነበሩ ትናንሽ መንግሥታት ሠዓሊዎች ይህንን በመጽሐፍ ገጽ በምታህል ወረቀት ላይ ደጋግመው ሣሉት፤ ማናኩ የተባለው የራሱን በ1730 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። የባሶሊ ሠዓሊዎችማ ጌጡ እንደ አረንጓዴ ዕንቁ እንዲያብለጨልጭ የጥንዚዛ ክንፍ ቆርጠው ይለጥፉ ነበር። ለጠጅ ቤት ሥዕል ማን እንዲህ ይደክማል?

ለአማኞቹ ራዳ አምላኳን የምትናፍቅ ነፍስ ናት። እኔ ደግሞ መኃልየ መኃልይን በአንድምታ ሰምቼ ያደግሁ፣ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ክርስቶስና ቤተ ክርስቲያን ናቸው ሲባል ያልደነቀኝ ሰው ነኝ። በቤቴ የማከብረውን በሰው ቤት ሳየው ሳቅሁበት።

አንድ አፈ ታሪክ አላቸው። ጃያዴቫ፣ ክሪሽና ራዳን እግሯን በራሱ ላይ እንድታሳርፍ የሚለምንበት ቦታ ሲደርስ፣ አምላክ እንዴት እንዲህ ዝቅ ይላል ብሎ ፈራ፤ ትቶት ገላውን ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ ስንኙ ተጽፎ አገኘው። ክሪሽና ራሱ በባለቅኔው መልክ መጥቶ ጽፎት ነበር።

ከእኔ ጠረጴዛ እስከ እሳቸው ሦስት እርምጃ አይሞላም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ይቅርታ ጌታዬ» ሳልል ቆየሁ። ውላቸው አልቆ ሲሄዱ ሥዕሉን በጥንቃቄ ነቅለው ወሰዱት፤ ግድግዳው ላይ አራት የማጣበቂያ ምልክት ቀረ።

እናንተ በሰው ግድግዳ ላይ ያልገባችሁን ስታዩ ከመሳቃችሁ በፊት «ምንድን ነው?» በሉ። እኔ ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ፣ ሻዩ እስኪያልቅ ያጫውቱኝ ነበር።