በቀን አንድ ዳቦ

በናይሮቢ ከተማ በኢስትሊ ሰፈር በምንኖርበት ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን። የሰፈሩ ልጆች «ሾሾ» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። እኛም ይህንኑ ስም ወርሰናል። እኛ ባልና ሚስት ነን፤ አንዳችን የውትድርና ዘመኑን ፈጽሞ በጡረታ የተሰናበተ፣ ሌላችን በጦር ሠፈር ጎጆ ወጥታ ልጆቿን እዚያው ያሳደገች። ዛሬ እንጀራ ጋግረን ለሐበሻ ምግብ ቤቶች በማቅረብ እንተዳደራለን።

ሾሾ 70 ዓመት ካለፋቸው ቆይተዋል። ስለዚህም የኬንያ መንግሥት ሌላ ጡረታ ለሌላቸው አረጋውያን የሚሰጠውን «ኢኑዋ ጃሚ» የተባለውን ድጎማ ይቀበላሉ። ይህ ድጎማ ቀድሞ ለድኾች ብቻ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. 70 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲያገኝ ተደረገ። መጠኑ በወር 2,000 ሺሊንግ ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 67 ሺሊንግ አይሞላም፤ ይኸውም በ2016 ዓ.ም. በሰፈራችን ሱቅ የአንድ ዳቦ ዋጋ ያህል ነበር። ገንዘቡ በተከፈለ ቀን ሾሾ የታጠበ ቀሚሳቸውን ለብሰው ይወጡና ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝተው ይመለሳሉ። የቤት ኪራዩንና የቀረውን ወጪ የሚችለው በሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሰ የሚያድር የልጅ ልጃቸው ነው። በዚያች ቀን ግን ሻዩን አፍልተው የሚጋብዙት እርሳቸው ናቸውና ድምፃቸው እንኳ ከፍ ይላል።

በዚያው ዓመት የኬንያ መንግሥት ዕዳው ስለከበደው 346 ቢሊዮን ሺሊንግ ያህል ተጨማሪ ገቢ የሚያስገኝ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። በረቂቁ ውስጥ በዳቦ ላይ 16 ከመቶ ታክስ የሚጥል ሐሳብ ነበረበት። ይህ ሐሳብ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቢሰረዝም የሕዝቡ ቁጣ አልበረደም። ሰኔ 18 ቀን ምክር ቤቱ ረቂቁን ሲያጸድቅ ወጣቶች የምክር ቤቱን ቅጥር ጥሰው ገቡ፤ ከሕንጻው ከፊሉ ተቃጠለ፤ ጥይት ተተኩሶ ብዙ ሕይወት ጠፋ። የሾሾም የልጅ ልጅ ከወጡት አንዱ ነበር። አሮጊቷ እስከ ሌሊቱ 4 ሰዓት በግቢው በር ቆመው ጠበቁት። (በስዋሂሊም ሰዓት እንደ እኛው ነው የሚቆጠረው፤ ይህ ለስደተኛ ቀላል ዕረፍት አይደለም።) አንድ እግሩ ባዶውን፣ ዓይኑ በአስለቃሽ ጭስ አብጦ መጣ። ሾሾ አንድም ቃል ሳይናገሩ ውኃ ቀዱለት።

በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ሰኔ 28 ቀን ደግሞ የቁጠባ እርምጃዎች ታወጁ፤ 47 የመንግሥት ድርጅቶች እንዲፈርሱ፣ የአማካሪዎች ቁጥር በግማሽ እንዲቀነስ፣ 60 ዓመት የሞላቸው ሠራተኞችም ያለ ማራዘሚያ ወዲያውኑ ጡረታ እንዲወጡ ተባለ። የኋለኛውን ብዙ ሰው ሲያወድሰው ሰማን። ሥራ ላጣ ወጣት ደስ የሚያሰኝ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በደመወዝና በጡረታ ለኖርን ለእኛ አንድ ነገር ወዲያው ታየን፤ ከደመወዝ መዝገብ የተፋቀ ስም በጡረታ መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ከመንግሥት ኪስ አይጠፋም።

በኬንያ የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ድረስ ከሠራተኛው ምንም ሳይዋጣ በየዓመቱ ከሚሰበሰበው ግብር ይከፈል ነበር። በ2001 ዓ.ም. የጡረታ መውጫው ዕድሜ ከ55 ወደ 60 ከፍ ሲደረግ ክፍያው ለ5 ዓመት ተገፋ፤ ዓመታቱ አለቁና ክፍያው መጣ። ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ከ45 ዓመት በታች የነበሩት ሠራተኞች ቀስ በቀስ እስከ ደመወዛቸው 7.5 ከመቶ እንዲያዋጡ፣ መንግሥትም 15 ከመቶ እንዲጨምር ተደርጓል። ነገሩ መልካም ነው፤ ግን አሁን ያለው ትውልድ የአሮጌውንም የአዲሱንም ሸክም ባንድነት ይሸከማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እንደ ጃፓን ከ10 ሰው 3 ያህሉ ባረጀበት አገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ47.6 ሚሊዮን ኬንያውያን ውስጥ 60 ዓመት የሞላቸው 2.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ። ወጣቱ ብዙ ነው፤ ቋሚ ደመወዝ ያለውና ግብር የሚከፍለው ግን ጥቂት ነው።

በእኛ አገር ከወታደሩ ደመወዝ 7 ከመቶ ሲቀነስ መንግሥት 25 ከመቶ ይጨምራል፤ ለሲቪሉ ሠራተኛ የሚጨምረው 11 ከመቶ ነው። ይህንን በጦር ሠፈር ሳለን ልብ ብለነው አናውቅም ነበር፤ ባለትዳር እኅቶቻችን የደመወዙን ወረቀት አንድ ቀን ከባሎቻቸው ጋር ተቀምጠው ቢያነቡት አይከፋም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። በዚያ የሁከት ሰሞን ምግብ ቤቶች በራቸውን ዘጉ፤ የተጋገረ እንጀራ እጃችን ላይ ሻገተ። አንድ ምሽት ደብተር ዘርግተን ወጪ ልንቀንስ ተቀመጥን። ከዝርዝሩ መካከል «እናት፣ ደብረ ብርሃን» የሚል ነበረበት። እናታችን የወታደር ሚስት ነበሩ፤ በሕጉ መሠረት የሟች ባላቸውን አበል እኩሌታ ይቀበላሉ፤ እኛም በየወሩ እንጨምርላቸዋለን። ከሁለታችን አንዳችን፣ ማን እንደሆነ ይቅር፣ «እርሳቸውኮ ጡረታ አላቸው» አለ። ሌላው ዝም አለ። የምንልከውን በግማሽ ቀነስነው። የሌላውን መንግሥት ቁጠባ ስንመረምር የሰነበትን ሰዎች፣ ከራሳችን መዝገብ ፍቀን በአሮጊት መዝገብ ላይ መጻፋችን ያን ጊዜ አልታየንም።

ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሺሊንጋችን ቀድሞ ከሚያወጣው የበለጠ ብር ያወጣ ጀመር። የቀነስነው ሳይጨመርበት የተሞላ መሰለንና ደስ አለን። በነሐሴ ስንደውል እናታችን የዘይቱን ዋጋ ነገሩን። ቀጥለውም እየሳቁ፣ «ቡናውን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ለደም ግፊቱም ሳይሻል አይቀርም» አሉ። እናታችን ጎረቤት ሳይጠሩ ቡና አፍልተው አያውቁም። የቀነስነው ቡናውን ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን። በሚቀጥለው ወር ገንዘቡን ወደ ቀድሞው መለስን፤ ስለ መቀነሱ ግን እርሳቸውም አልጠየቁን፣ እኛም አልተናገርን።

በሌላ ቀን ስለ ሾሾና ስለ 2,000 ሺሊንጋቸው አጫወትናቸው። ወደ ብር መንዝረን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ለመሆኑ ሴትዮዋ ዕድር አላቸው?» አሉ። አናውቅም ነበር። በማግስቱ ሾሾን ጠየቅናቸው። ዕድር የሚባል የላቸውም፤ ነገር ግን የሴቶች «ቻማ» አላቸው፤ እንደ እኛ ዕቁብ ያለ ሆኖ ሲታመሙና ሲቀብሩም የሚረዳዱበት ነው። ድጎማው እንደተከፈለ ገና ስኳሩን ሳይገዙ 200 ሺሊንጉን ለቻማው እንደሚያስቀድሙ ነገሩን።

ይህን ለእናታችን ስናደርስላቸው፣ «እንግዲያውስ ሰው አላቸው» አሉና ወደ ዘይቱ ዋጋ ተመለሱ።