ለአገሩ እንግዳ፣ ለመንገዱ ባዳ

መምህር የሚሆን ሰው ከሙያው ጋር አብሮ የሚቀበለው አንድ ነገር አለ፤ እሱም እንግድነት ነው። ሥልጠናው ሲያበቃ ምደባው የት እንደሚጥለው አያውቅም። ስለዚህ በማያውቁት አገር መንቀሳቀስን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብንቆጥረው የሚያስነቅፍ አይመስለኝም። እኔ ከጎጃም መጥቼ ሱሉልታ ላይ ስኖር ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚመጣ ሰው የእንጦጦን ተራራ ይሻገራል። በተራራው ደቡብ የዘነበው ውኃ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በሰሜን የዘነበው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ሯጮች ከውጭ አገር ሳይቀር ለልምምድ ይመጣሉ። እኛ ዳገቱ ላይ ስናለከልክ ግን ለልምምድ አይደለም፤ ታክሲ አጥተን ነው።

እንግዳን መጀመሪያ የሚያስቸግረው አድራሻ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ የሚፈልግ ሰው ይደክማል። እዚህ የሚባለው «ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብለህ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ ወደ ውስጥ ግባ» ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ትንሿ ኮስታሪካ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ጦር ሠራዊቷን የበተነችው አገር፣ ሕዝቧ አድራሻ የሚናገረው «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ሰሜን» እያለ ነው። እንዲያውም ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ አጠገብ ባለው ሳን ፔድሮ፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ የሾላ ዛፍ አቅጣጫ መጠቆሚያ ሆኖ ቀርቷል። የውጭ አገር ሰው ዛፉን ሲፈልግ ቢውል አያገኘውም። እኛስ ብንሆን «ካዛንቺስ» ብለን ስንሳፈር፣ ስሙ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩ የመኖሪያ ቤቶች መምጣቱን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አድራሻ የነዋሪው ትዝታ ነው። ስለሆነም እንግዳ ከካርታ ይልቅ ሰው መጠየቅ አለበት።

ለመጠየቅ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል። ከተማው ውስጥ አማርኛ ያስኬዳል፤ አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ገጠሩ ሲገባ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ሂሳብ ለመጠየቅ «ሜቃ?»፣ ቀኝ «ሚርጋ»፣ ግራ «ቢታ»። ከሁሉም በፊት ግን ሰላምታ! አንድ ቀን ጋሪ ላይ አብረውኝ የተሳፈሩ እናት «አካም ቡልተኒ?» ስላቸው ከት ብለው ሳቁና «ኧረ ተባረክ ልጄ፣ ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምወርድበትን ለባለ ጋሪው የነገሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሰኔ የማስተማር ልምምድ ስንከታተል፣ በአንድ ትምህርት ቤት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ ስለሚያረፍድ ውጭ ይቆም ነበር። «ሰነፍ ነው» ተባለ። ከትምህርት በኋላ አብሬው ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቷል። በበጋ በግማሽ ሰዓት የሚያቋርጠውን ዙሪያውን ዞሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ጫማውን በእጁ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ። እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ እሱ እየሳቀ የሚረገጠውን ሣር አሳየኝ።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩን አነጋገርን። ከሜዳው ማዶ የሚመጡ ልጆች ዝናብ ሲጥል አርፍደው ቢደርሱም ወደ ክፍል እንዲገቡ ተስማማን። ያመለጣቸውን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ግን ማን፣ መቼ ያስተምራቸው? ይህ ገና መልስ አላገኘም።

ሠልጣኞች ሆይ፣ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እናንተ ግን የምታስተምሩበትን አገር ማወቅ ግዴታችሁ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በእግር ተጓዙ። የገበያውን ቀን፣ የመጨረሻው መኪና የሚወጣበትን ሰዓት፣ በክረምት የሚሞላውን ወንዝ ጠይቁ። ልጆቹ በየት በኩል እንደሚመጡ ሳታዩ «አርፋጅ» ብላችሁ አትመዝግቡ። ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ በተመለከተ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ጽፋችሁ እዚሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን።